«ሆዳቸውን ነው» ያልኩ ቀን

አዳዳ እላቸዋለሁ፤ የአባቴ እህት ናቸው። ከገሰራ ጎባ ሆስፒታል ሊታከሙ ሲመጡ አብሬያቸው እንድገባ የመረጡት እኔን ነበር። ያኔ ሮቤ መምህርነት እማር ነበር። እሳቸው አማርኛ አይሰሙም፤ የዕለቱ ሐኪም ደግሞ ኦሮምኛ የማይችል ወጣት ነበር። ምን እንደሚያማቸው መንገድ ላይ አልነገሩኝም፤ «ልጆቼ እንዳይሰሙ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ ግን ሳያፍሩ ተናገሩ። «ገደሜሳዬ ወርዷል። ስቀመጥ ይሰማኛል፤ በእጄ እመልሰዋለሁ። ሽንቴንም መያዝ አቃተኝ።»

ገደሜሳ ማህፀን ነው። ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ልክ ያኔ ካርድ ይዞ የገባው ሠራተኛ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ ከበሩም አልሄደም። ፊቴ ጋለ።

«ምን አሉ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ሆዳቸውን ነው የሚያማቸው» አልኩ።

«ሽንት ላይስ ችግር አለ?»

ይህን ለአዳዳ አላስተረጎምኩም። «የለም» ብዬ እኔው መለስኩ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ከላይ ጫን ጫን አድርጎ አየና የጨጓራ መድኃኒት ጻፈ። አዳዳ የእንክብሉን ብልቃጥ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እኔንም ሐኪሙንም መርቀው ወደ ገሰራ ተመለሱ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አዋላጇ እንስራ እንዳላነሳ አስጠነቀቀችኝ። «ማህፀን በጅማትና በጡንቻ ተይዞ ነው ያለው» አለች። «ምጥ ሲረዝም፣ ወሊድ ሲደራረብ፣ አራስ ሳለሽ ሸክም ስትሸከሚ ይላላል፤ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። የሽንት ፊኛውንም ይዞት ይመጣል።»

አዳዳ ዘጠኝ ወልደዋል። በወለዱ በሳምንታቸው ውሃ ይቀዱ እንደነበር አባቴ እንደ ጉብዝና ሲያወራው ነው ያደግኩት።

የአራስነት አርባ ቀኔ እንዳለፈ ገሰራ ሄድኩ። አዳዳ ከሰው ተለይተው ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰርግም ለቅሶም ትተዋል። ምራታቸው «በየዓመቱ የሚሄዱበትን የሼክ ሁሴን ጉዞ እንኳ ትተዋል» አለችኝ።

«ውዱእ አይጸናልኝም፤ ለስግደት ታጥቤ ሳልነሳ ሽንቴ ያመልጠኛል» አሉኝ ብቻችንን ስንሆን። «ጨርቅ እየለወጥኩ ነው የምሰግደው። አንዳንድ ቀን አፍራለሁና እተወዋለሁ። መድኃኒቱም አልረዳኝ፤ የአላህ ፈቃድ ነው።»

«አዳዳ፣ የአላህ ፈቃድ አይደለም። ያኔ ያሉትን ለሐኪሙ አልነገርኩትም። አፍሬ ሆድ ነው አልኩት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ?» ብቻ አሉ።

በማግስቱ ጎባ ወሰድኳቸው። በዚህኛው ቀን ያሉትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ያየቻቸው ሐኪም ሴት ነበረች። መርምራ ስትጨርስ «መጀመሪያ ሲሰማቸው ቢመጡ የላስቲክ ቀለበት አስገብተን ልንደግፈው እንችል ይሆናል» አለች። «አሁን ግን ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል።»

ይህንንም አስተረጎምኩ። በራሴ ላይ ፍርድ የማነብ ያህል ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ እግራቸው ላይ ወድቄ «አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አውፍ ብያለሁ» አሉ፤ አነሱኝም። «ልጅ ነበርሽ፤ አፈርሽ። ግን እኔ በእርጅናዬ ሳላፍር የተናገርኩት አንቺን አምኜ ነበር።»

አዳዳ ዛሬ ደህና ናቸው፤ ከሰው ጋር ተሰልፈው ይሰግዳሉ። እኔ የስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ማህፀን የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ቃሉን ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፍና ጮክ ብለው እንዲሉት አደርጋለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ናት ይሉኛል። አዳዳ ጓዳ የቆዩበትን ሦስት ዓመት ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።