የተሰነጠቀው የእርጎ ብርጭቆ

የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ገበያ ውስጥ ዱቄት ሻጯ ስቶይና ፊት ሰልፉ ረዝሟል። ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ የካፖርታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል፤ ከአፉ እስከ ወገቡ የተሰነጠቀ የድሮ የእርጎ ብርጭቆ እንደ ጫጩት አቅፈዋል።

«በዚህ አንድ ሙሉ ስንት ግራም ይሆናል፣ ልጄ? ለፋሲካ ዳቦ ነው።»

ስቶይና ሞልታ መዘነች። ግራሙ ጠቅጠቅ ስታደርገው ሌላ፣ ላላ ስታደርገው ሌላ ሆነ።

«አባባ፣ በዛሬው የእርጎ ዕቃ አይለኩም እንዴ?» አለች አንዷ ከኋላ።

«የዛሬው ያንሳል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዕድሜዋን ሙሉ የለካችው በዚህ ነው። ይኸው ሊሰበር ነው፤ ሳይሰበር ግራሙን ልያዝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ባለቤትዎ እንዴት ነበር የሚሞሉት? ጠቅጥቀው ነው?» አለች ስቶይና።

«እኔ ምን አውቄ! ጋዜጣዬን ነበር የማነበው። ብርጭቆውን ስትመታው ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው።»

ብርጭቆውን ራሳቸው ሞሉት። ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አቀኑ፤ ድምፁ ያ አይደለም።

«ኧረ አባባ፣ እንዳይሰበርብዎ!» አለች ስቶይና።

አልሰሟትም። ትንሿ ጣታቸው ላይ አልገባ ብላ አንጓው ላይ የቀረች ቀጭን የሴት ቀለበት ነበረች። በእሷ ስንጥቁን እየሸሹ የብርጭቆውን ጎን ቀጭ፣ ቀጭ አደረጉት። ዱቄቱ ትንሽ ወረድ አለ።

«እሱ ነው!» አሉ። «ቶሎ መዝኚው ልጄ፤ እንዳትነቀንቂው።»