ከካርታው በስተጀርባ

እትዬ ጠመኔ የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ከቀሚሷ፣ አንዳንዴም ከቅንድቧ ላይ ጠመኔ ስለማይጠፋ ስሙ ልክክ አለባት። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው አንደኛ ክፍልን ነው። «አልወለድኩም እንጂ ስንቱን አሳደግኩ!» ትላለች እየሳቀች።

የምታስተምርበት ክፍል ግን የጓሮው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ እጅ ማስገባት ጀምሯል። ለሚመለከታቸው ሁሉ ቢነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በዚህ መሀል የትምህርት ሚኒስትሩ ሊጎበኝ እንደሚመጣ ተሰማ። ሚኒስትሩ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ እሷው ፊደል ያስቆጠረችው ልጅ ነው።

ርዕሰ መምህሩ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «እትዬ፣ እጁን ይዘው ስንጥቁን ያሳዩልን። እርስዎን እምቢ አይልም።»

«ይሄን ለኔ ተዉት!» አለች።

በዋዜማው ክፍሉን ስታጸዳ ግን ልቧ አልችል አለ። ልጅ ከስንት ዘመን በኋላ ቤቱ ሲመጣ የፈረሰ ነገር ይቀበለው? ትልቁን የዓለም ካርታ አምጥታ ስንጥቁ ላይ ሰቀለችው። መጀመሪያ ደስ ይበለው፣ ከዚያ ገልጬ አሳየዋለሁ ብላ ነው፤ ሞኝ!

ሚኒስትሩ አጃቢዎቹን በር ላይ አቁሞ ገባ። እጇን ስሞ የድሮ ቦታው ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ ሲቀመጥ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሸብቷል፣ ከስቷል። አንጀቷን በላት።

«እትዬ፣ ምን ላድርግልዎ?»

ርዕሰ መምህሩ በዓይኑ ወደ ካርታው ጠቀሳት።

«ምንም ልጄ። አንተ ብቻ ጤና ሁንልኝ።»

የጠየቃት ሚኒስትሩ ነበር፤ የመለሰችው ግን ለልጇ ነው። ነቅታ አፏን ስትይዝ እሱ ተነስቶ፣ አጃቢዎቹ ከበውት መኪናው ጋ ደርሷል።

ግድግዳው በክረምቱ ተናደ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለነበር የተጎዳ ሰው የለም። ስትደውል ሚኒስትሩ ራሱ አነሳ።

«እትዬ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ? የዘንድሮው በጀት ለሌሎች ተደልድሎ አለቀ። ለከርሞ…» ድምፁ ሰለለ። ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት፤ የምትቆጣው ራሷን ነበር።

አንደኛ ክፍል ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ተዛወረ። በዚያ መንገድ መኪናው አዋቂንም አያሻግርም፤ ወላጆች ፈሩ። እሷ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዛ ብታሻግርም ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ። በመጨረሻ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረቻት። እሷም አንድ ቀን ሳትመጣ ቀረች።

እትዬ ልጅቷ ቤት ድረስ ሄደች። ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን እንዳዘለች ከእናቷ ጋር ልብስ ታሰጣለች።

«እባክሽ የኔ ልጅ፣» አለች እናትየዋን፣ «እኔው እየመጣሁ እወስዳታለሁ። እኔው እመልሳታለሁ። ሌላም ካለ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግልሽ?»

እናትየዋ የአሮጊቷን ያበጠ እግር አየች። አንጀቷን በላት።

«ምንም እትዬ። እርስዎ ብቻ ጤና ይሁኑልኝ።»