የዕርቁ አረቄ

ሽማግሌ ሲባል አሁንም ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ በላቸው ከሰሜን ጦር ግንባር ቆስሎ ጅማ ሲመለስ አረቄ ለመደ፤ ሲጠጣ ይደበድበኛል። ክንዴን የሰበረኝ ቀን ሰርቦ ከተማ ወንድሜ ቤት ገባሁ። በላቸውም ደንግጦ ሐኪም ቤት ሄደ፤ እየተመላለሰ ሐኪም ሲመክረው ሦስት ወር ሙሉ አረቄ አልቀመሰም።

ከዚያ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ዳግመኛ እንደማይጠጣና እጁን እንደማያነሳብኝ እግሬ ላይ ወድቆ ማለ፤ እኔም እሺ አልኩ። ይሄኔ ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ወርዶፋ ከጋቢያቸው ሥር ጠርሙስ አወጡ።

«ዕርቅ በደረቁ አይሆንም» አሉና አረቄ ቀዱለት።

«ኧረ ጋሽ ወርዶፋ፣ ሐኪም ከልክሎታል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አቦ ተይን እስቲ! መድፍ ያልጣለውን ጀግና አንዲት መለኪያ ትጥለዋለች?»

በላቸው መለኪያውን ሳይቀበል እኔን አየኝ።

«የእኔን እጅ ልትመልስ ነው?» ሲሉት ጨለጠው። ደግመው ቀዱለት፤ እሱንም ጨለጠው።

ሽማግሌዎቹ «ውለዱ፣ ክበዱ» እያሉ ሲመርቁን፣ በላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አስካለ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር እንዳትመጪ» አለኝ።