ድልድዩ ጋ የተነበበው ዮናስ

ይህ የሆነው ካርቱም በሰልፍ በምትናጥበት ዓመት፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰሞን ነው። ከዚያ ጊዜ ብዙውን ረስቻለሁ፤ የአንድ ወታደር ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጋሼ መርዕድ፣ ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ጎረቤታችን ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ በአንድ የወንጌላውያን ሴሚናሪ ዕብራይስጥ ያስተምሩ ነበር። በስደት የሰፈሩን ልጆች እንግሊዝኛ እያስጠኑ፣ በተረፋቸው ጊዜ የትንቢተ ዮናስን ማብራሪያ ይጽፋሉ። ዓይናቸው ስለደከመ፣ ሪያድ በሚሉት የካርቱም ሰፈር ከምሠራበት ቤት ዕረፍት በወጣሁ ቁጥር የሚሉኝን እጽፍላቸዋለሁ። ያደግኩት ካርቱም ነውና አማርኛዬ ይሰባበራል። አንድም ቀን ሳይሰለቹ ያርሙኛል።

ያን ቀን ስድስት ዓመት የደከሙበትን ጽሑፍ ይዘን፣ ከወንዙ ማዶ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ላለች ኮምፒውተር ጸሐፊ ልናደርስ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ወጣን። ድልድዩ ጋ ወታደሮች አስቆሙን። አንዱ የጋሼን ቦርሳ ከፍቶ የዕብራይስጡን ፊደል ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዳ ሹኑ? ይሄ ምንድን ነው? የእስራኤል ነው?»

በዚያው ሳምንት ወታደሮች ሰፈራችን ውስጥ ሰው ገድለዋል። ፈራኋቸው፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን ጥላቻዬ ይበልጥ ነበር።

ጋሼ ረጋ ብለው፣ ዮናስን በዐረብኛ ስሙ ጠርተው፣ «የነቢዩ ዩኑስ ታሪክ ነው፣ ልጄ» አሉት።

«እስቲ አንብበው፣ ያ ሐጅ» አላቸው፣ ሽማግሌ በሚከበርበት የዐረብኛ አጠራር።

ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው በዕብራይስጥ አነበቡለት። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛቸው ሽሽቱን፣ ማዕበሉን፣ ዓሣውን ተረኩለት። ሲሳሳቱ ወታደሩ ራሱ ያርማቸው ጀመር። ከተማዋ ምሕረት አገኘች፣ ነቢዩ ግን ተቆጥቶ ከከተማዋ ውጭ ተቀመጠ ሲሉት ጎንበስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ተጠጋ።

«በኋላስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ነቢዩ ለሰዎቹ አዘነላቸው?»

ጋሼ «አልተጻፈም» አሉት።

ወታደሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ መለሰ። «ሁለተኛ ይሄን ይዘህ መንገድ ላይ እንዳላይህ። ያላ፣ ሂዱ!»

ሪክሻው ሲንቀሳቀስ ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ወደ ቤት እንመለስ» አሉኝ። «የመጨረሻው ምዕራፍ አላለቀም።»

ያንን ምዕራፍ ከወታደሩ ጥያቄ ተነሥተን እንደ አዲስ ስንጽፍ ወር ፈጀብን። ጋሼ መጽሐፉን ታትሞ ሳያዩት ባለፈው ዓመት ዐረፉ፤ ጽሑፉ እኔ ዘንድ ነው።

ስለ ወታደሮቹ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለዚያ ጠያቂ ወታደር ግን ስሙን ሳላውቅ እጸልይለታለሁ። አንዳንዴ ከልቤ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም።