ሸራ የለበሰው ቤተ መንግሥት

ሰፈሩ ሁሉ እታለም ይላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በጥንታዊው ከተማ ግንብ ሥር ያለውን ቤታቸውን ለእንግዳ እያከራየች ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋለች። አንሶላ ማጠብ፣ ቁልፍ ማቀበል፣ ሙቅ ውሃ ጠፋ ላለ ሁሉ ባልዲ ይዞ መሮጥ፤ ኑሮዋ ይኸው ነው። ዝነኛውን ቤተ መንግሥት ግን ከመስኮቷ እንጂ ከውስጥ አይታው አታውቅም። ቅርብ ነው፣ የትም አይሄድ እያለች ፀጉሯ ሸበተ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍተው ቦርሳ ያዘለ ሽማግሌ ቆሟል። ቦርሳው ከመግዘፉ የተነሣ ማን ማንን እንደተሸከመ አይለይም ነበር። ሰውየው የሩቅ ከተማ የታሪክ መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስለዚህ ቤተ መንግሥት ከመጽሐፍ ላይ እያስተማረ ኖሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል በዓይኑ ሊያየው መጣ። ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ በየትኛው መስኮት እንደሚታይ ጠየቃት።

እታለም መጋረጃውን ገለጠችለት። ቤተ መንግሥቱ ለእድሳት ተዘግቶ፣ ከእግር እስከ ራሱ በእንጨት ታጥሮ ሸራ ለብሷል። መዘጋቱን ሰምቶ የመጣ መስሏት ነበር።

«በጀርባ በኩልስ?» አለ መምህሩ ብዙ ካየ በኋላ።

«በጀርባም ያው ነው» አለች፣ ሸራውን ራሷ ያለበሰችው ይመስል አንገቷን ደፍታ።

በማግሥቱ ሙዚየም ሄዶ መብራት የለም ተብሎ ተመለሰ። አንጀቷ አልቻለም። የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ በቤቱ ውርስ ከተጣሉ ወዲህ መንገድ ላይ እንኳ ሲያያት ፊቱን ያዞርባታል። ኩራቷን ውጣ ሄዳ ለመነችው። ደስ ሳይለው፣ ቶሎ ትወጣላችሁ ብሎ አስገባቸው።

ውስጡ የሲሚንቶ ከረጢትና የርግብ ኩስ ነው። መምህሩ ሲያስተምር የኖረባቸው የጣሪያ ሥዕሎች ለጥገና ተነቅለው ተወስደዋል።

«እዚህ ነበሩ» አለ ዋርሳዋ፣ ባዶውን ጣሪያ በጣቱ እያሳየ።

መምህሩ አንገቱን ቀና እንዳደረገ ቀረ። እታለምም አጠገቡ ቆማ ሽቅብ አየች። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ነገ አየዋለሁ ስትል የኖረችው ይኼንኑ ነበር።

ማታ ያቀረበችለትን እራት ላለማስቀየም ቀማመሰ። እስከ እሑድ እቆያለሁ ያለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን አዘለ። እታለም አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችው።

«ተማሪዎቼ እንዴት ነው ማለታቸው አይቀርም» አላት። «ምን ልበላቸው?»

«ታሞ ነው ያገኘሁት ይበሏቸው» አለችው።

«ይድናል ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

መምህሩ ራሱን ነቅንቆ ተሳፈረ።

ቤት ስትመለስ ስልክ ጮኸ። ክፍል የሚፈልግ ሰው ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ይታይ እንደሆነ ጠየቃት። ትንሿ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆማ ይታያል በይው እያለች በዓይኗ ትማጸናታለች። እታለም እውነቱን ነገረችው። ሰውየው አስቤበት እደውላለሁ ብሎ ዘጋ።

«እማዬ፣ እንዲህ እያልሽ ማን ይምጣልን?» አለች ልጅቷ።

እታለም ወደ መምህሩ ክፍል ገባች። የመምህሩን አንሶላ ከአልጋው ገፈፈች። የተተኛበት አይመስልም ነበር፤ ቢሆንም ይዛው ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች።