በመጋቢት ያልተነካው ሥር

ሉክሪያ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የበረንዳውን በር ከፍታ ሴጅ ከሚባለው መዓዛማ ቁጥቋጦ አንድ ቅጠል ትቀነጥባለች። አመድማውን ለስላሳ ቅጠል በጣቷ ጠቅልላ መጀመሪያ የላይኛውን ድድ፣ ቀጥሎ የታችኛውን፣ በመጨረሻም ጥርሶቿን አንድ በአንድ ትፈትጋለች። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ትጉመጠመጣለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የጎደሏት ጥርሶች ሁለት ብቻ ናቸው። ይህንንም የምታነሳው ጥርሱን ያመመው ሰው ስታገኝ ነው።

ሴጁ የሚኖረው አሥር ሊትር የወይራ ዘይት ይይዝ በነበረ ጣሳ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የበቀለው ቪስ ደሴት ላይ፣ በእናቷ ቤት ደጃፍ፣ ከድንጋይ ደረጃው ሥር ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሟ ኩዝማ ጣሪያውን ላሳድስ ነው ብሎ አንድ ወረቀት አስፈረማት። ሳታነብ ፈረመች። ወረቀቱ ቤቱ የሚሸጥበት ነበር። ገዢዎቹ ሊረከቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሄዳ ቁጥቋጦውን በወጥ ቤት ቢላ ከነሥሩ ቆፍራ አወጣችና በጣሳው ከትታ በመርከብ ወደ ስፕሊት ከተማ ይዛው መጣች። አዲሶቹ ባለቤቶች ደጃፉን ሲሚንቶ አለበሱት። ከእናቷ ቤት ነፍስ ያለው ነገር ቀረ ከተባለ እኛ ጎረቤቶቿ በምንኖርበት ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ያለው ይህ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ከኩዝማ ጋር ከዚያ ወዲህ አልተነጋገረችም። የሚኖረው በአውቶቡስ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቆ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጣሳውን አልቀየረችም፣ አፈርም አልጨመረችም። ውሃ የምታጠጣውም ትዝ ሲላት ነው። ከስንፍና አልነበረም፤ የደሴቷ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። እዚያ ሴጅ የሚበቅለው ፍየል እንኳ ሣር በማታገኝበት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሉክሪያ በልጅነቷ ከሴቶቹ ጋር በማጭድ እያጨደች፣ የሴጅ ዘይት ወደሚወጣበት ቤት በአህያ እየጫነች ስትመላለስ ማንም ሲያጠጣው ወይም ሲኮተኩተው አላየችም። ሴጅን ከተንከባከቡት ይበላሻል ብላ ታምናለች። የድንጋይ ስንጥቅ ወደ ታች ማለቂያ እንደሌለው፣ ጣሳ ግን ወለል እንዳለው አላሰበችም።

ዘንድሮ ብርዱ ሲያልፍ ቅጠሎቹ የጥፍር ያህል ሆነው ወጡ። የታችኞቹ ቅርንጫፎች ራቁታቸውን ቀሩ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው፣ ገበያ ላይ ችግኝ የምትሸጠው ፔሪና በስህተት እሷ ጋ የደረሰ የሉክሪያን ደብዳቤ ልትሰጥ ወጥታ አየችው።

“ሾራ ሉክሪያ፣ ይሄ ነገር እየሞተ እኮ ነው” አለች፤ በዚያ አገር ትልቅ ሴት ሾራ፣ ትልቅ ወንድ ባርባ ተብለው በአክብሮት ይጠራሉ።

“አርጅቶ ነው። እኔስ አላረጀሁም?”

“እርጅና አይደለም፣ ረሃብ ነው። ሥሩ አፈሩን በልቶ ጨርሶታል። አሁን መጋቢት ነው፤ አዲስ ቅጠል ሳይገፋ ያዛውሩት። ሙቀት ከገባ በኋላ እንዳይነኩት።”

“ለቱሪስት የሚንጠለጠል አበባ የምትቸበችቢ ሴትዮ፣ ለቪስ ልጅ ስለ ሴጅ ልታስተምሪ?”

“እኔን ካላመኑ ለወንድምዎ ይደውሉ። ባርባ ኩዝማ ሠላሳ ዓመት የችግኝ ጣቢያ ሠርተዋል።”

“ይምጣና ይሄንንም ይሽጠው?”

ፔሪና ሳቀች፤ ሉክሪያ አልሳቀችም። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትም አለፈ። በየዓመቱ የሚወጣው ሐምራዊ አበባ ሳይወጣ ቀረ። በሐምሌ መጀመሪያ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ አራት ቀን ሳያቋርጥ ነፈሰና የቀሩት ቅጠሎች ተንጠለጠሉ። አሁን ሉክሪያ ጠዋትና ማታ ታጠጣ ጀመር። ውሃው ከላይ እንደገባ ወዲያው ከታች ይፈሳል፤ የሚይዘው አፈር የለም። በአምስተኛው ቀን ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርዳ ፔሪናን ለወንድሜ ደውዪልኝ አለቻት። የኩዝማ ቁጥር ያለው ፔሪና ዘንድ እንጂ እሷ ዘንድ አልነበረም።

“ሴጁ ሊሞት ነው” አለችው። ሰላምታ አልነበረም።

“የቱ ሴጅ?”

“የእማማ።”

“በጣሳ ነው ያለው?”

“በጣሳ።”

“ያው ጣሳ?”

ስልኩን ለፔሪና መለሰችላት።

በማግስቱ መጣ። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር የሰባ ስድስት ዓመቱ ሰው በአንድ እጁ ሸክላ፣ በሌላው የጠጠርና የአፈር ከረጢት ይዞ በየፎቁ እያረፈ ወጣ። ሉክሪያ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ወፍረሃል።”

“አንቺ ደግሞ ሥጋ የሚባል አልተረፈሽም። ውሃ ስጪኝ።”

ቁጥቋጦው ቢጎተት ከጣሳው አልወጣ አለ። ኩዝማ ጣሳውን በቆርቆሮ መቀስ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ከውስጥ የወጣው ሌላ ጣሳ ነበር፤ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ቡናማ ሥር፣ ማዕዘኖቹ ሳይቀሩ የጣሳውን ቅርጽ የያዘ። አፈር አልነበረበትም። በሥሩ መካከል ታንቀው የቀሩ ሦስት ነጫጭ የደሴት ጠጠሮች ብቻ ይታያሉ።

“በመጋቢት ቢሆን” አለ ኩዝማ፣ “ዳር ዳሩን ሥር ገፈፍ አድርጌ፣ ከዚህ በሁለት ጣት ብቻ በሚሰፋ ሸክላ፣ በግማሽ ጠጠር በግማሽ አፈር እተክለው ነበር። አንዴ ይጠጣል፤ ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ አይነካም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።”

“አሁንስ?”

“አሁን ሥሩን ብቆርጠው ሙቀቱ ይገድለዋል። ባልቆርጠው ረሃቡ።”

“ፔሪና በመጋቢት ነግራኝ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ለአንተ ደውዪ አለችኝ።”

ኩዝማ መቀሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሥሩን ሳይቆርጥ ሸክላው ውስጥ አቆመው፤ ዙሪያውን ጠጠርና አፈር ሞልቶ ፀሐይ ወደማይደርስበት ጥግ ገፋው። ከጫፎቹ ይሻላሉ ያላቸውን ሰባት ቅርንጫፎች ቆረጠ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለለ።

“ሥር ካወጡልኝ አመጣልሻለሁ” አለ።

“ያወጣሉ?”

“እናታቸው ጠግባ ቢሆን ያወጡ ነበር።”

ሸክላው ውስጥ ያለው በአሥራ ሁለት ቀን ደረቀ። ሉክሪያ ግን አልጣለችውም፤ ለኩዝማም አልነገረችውም። በየሦስት ቀኑ እየደወለች የምትጠይቀው ስለ ሰባቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ስድስት ቀሩ፣ አራት ቀሩ እያለ ይነግራታል። በነሐሴ አጋማሽ ስልኩን ማንሳት ተወ።

በዚያው ሰሞን ፔሪና ኩዝማን ገበያ ላይ መደቧ ፊት ቆሞ የሴጅ ችግኞቿን ሲያይ አገኘችው።

“አንዱም አልተረፈ?”

“የመጨረሻው ትናንት ጠቆረ።”

“እንግዲያስ ከእነዚህ አንዱን ይውሰዱና የበቀለው ይሄ ነው ይበሏት፣ ባርባ ኩዝማ። በምን ታውቃለች? ገንዘብም አልፈልግ።”

ኩዝማ አንዱን ችግኝ አነሳ፤ ቅጠሉን አሽቶ አሸተተና መልሶ አስቀመጠው።

“አንዴ ዋሽቻታለሁ” አለ። “ይበቃል።”

እሑድ ረፋድ ላይ ጋዜጣውን ይዞ መጣ። ሉክሪያ በሩ ላይ ፊቱን አይታ ወደ ውስጥ ዞረች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ጋዜጣውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሰባቱ እንጨቶች በተርታ ተኝተዋል።

“አንዱም?”

“አንዱም።”

መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን አነሳች፤ ታቹን አገላብጣ አየች፣ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀች። ሁሉም ውስጡ ደርቋል። ሰባተኛውን ከጨረሰች በኋላ እንደገና ከአንደኛው ጀመረች። ኩዝማ አላስቆማትም።

“ከፔሪና አንድ ገዝተህ ብታመጣልኝ አላውቅም ነበር” አለች በመጨረሻ።

“ታውቂ ነበር።”

“አላውቅም። ዓይኔ ደክሟል።”

“አስቤው ነበር።”

“እንዳሰብከው አውቃለሁ።” ጋዜጣውን አጠፈችው። “ምሳ በልተሃል?”

“አልበላሁም።”

ቆስጣና ድንች ነበር፤ ሰርዲንም ጠበሰችለት። ስለ ቤቱ አልተነጋገሩም። ዓሣው አጥንት በዝቶበታል አለ፤ ድሮም ዓሣ መብላት አትችልም አለችው። ኩዝማ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለው መጣ።