ይቅርታ ያልተጠየቀበት ደም

ኩዋቲ አባቷን አዝላ ተራራውን ትወጣለች። ታዋዲ ጉልበቱ ከታሰረ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ክብደቱ ከግማሽ ጆንያ በቆሎ አይበልጥም።

«እንዲህ የከሳ አጋዘን አድነህ ብትመጣ እናቴ ከደጅ ትመልስህ ነበር፣ አባዬ።»

«እሷማ እኔንም መልሳኛለች። አግቢኝ ብዬ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ።»

ታዋዲ በአሜሪካ ተራሮች ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ከኳላ ቼሮኪዎች መካከል ስሙ የተጠራ አዳኝ ነበር። ለጣለው አጋዘን ሁሉ ተንበርክኮ ከአባቱ የተማረውን የይቅርታ ቃል ይል ነበር። አንድ ቀን ብቻ አላለም። ኩዋቲ በተወለደች ማግስት ሚስቱን ደም አልቆም አላት፤ መረቅ ትጠጣ ተባለ። ከጅረቱ ማዶ አንዲት አጋዘን ጣለና ሳይንበረከክ ተሸክሟት ሮጠ። ቃሉን ያላለ ሰው ከኋላው መንገዱ ላይ እሳት ያነዳል፤ ትንሹ አጋዘን፣ የአጋዘኖች ሁሉ አለቃ፣ ተከትሎ በቁርጥማት እንዳይቀጣው። ዝናብ ነበርና እሳቱንም አላነደደም። ሚስቱ መረቁን ጠጣች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ከዓመታት በኋላ ቁርጥማቱ ሲጀምረው አልገረመውም። ከውሻ የማይበልጠው ነጩ አለቃ የደሙን ነጠብጣብ «ይቅርታ ጠይቋል ወይ?» እያለ እየጠየቀ እስከ ደጁ እንደመጣ ያውቃል። የእጄን ነው ያገኘሁ ብሎ ቻለው። ዘንድሮ ግን የኩዋቲ ጣቶች ያብጡ ጀመር። ቅርጫት ሠሪ ናት፤ ሸምበቆ መሰንጠቅ እየከበዳት መጣ። ታዋዲ ያን መረቅ ከእናቷ ጡት ጠብታዋለች አለ። ቃሉን እንድል አጋዘኗ የወደቀችበት ቦታ ድረስ ካልወሰድሽኝ ብሎ እህል መቅመስ ተወ።

ሲደርሱ ዛፍ የለም። ግንድ ቆራጮች በክረምቱ ጫካውን ጠርገውታል፤ ጅረቱም በአፈር ተደፍኖ በሌላ በኩል ይወርዳል። ታዋዲ በአገጩ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አመለከተ።

«እዚህ ነው?»

«እንጃ።»

«የትም ሆነህ ብትለው አይሰማም?»

«የሚሰማው ደሙ ነው። የፈሰሰበትን ካላወቅሁ ለማን ልበለው?»

ከጉቶ ጉቶ እያዞረች አስቀመጠችው። በየጉቶው ሥር ቃሉን አለ። ድምፁ ተዘጋ፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር። ገና ብዙ ጉቶ ይቀራል። በቃ ያለችው እሷ ናት፤ ጣቶቿ እግሩን አልይዝ ሲሏት።

ታዋዲ በወሩ ሞተ። ኩዋቲ የመጨረሻ ቅርጫቷን የሠራችው በዚያው ዓመት መኸር ነው።